የጾመኛው ቄስ ደም

አባቴ ቄስ መልአኩ በዕድሜው ከጠገበባቸው ቀናት የተራበባቸው ይበልጣሉ። ለማጋነን አይደለም። አጽዋማቱን ቆጥሮ፣ ቅዳሴ ገብቶ የሚውልባቸውን ቀናት ጨምሮ፣ በላዩ ላይ የወሎ ቦረናን ክፉ ዘመን የደረበ ሰው ራሱ ይደርስበታል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው "ደሙ ውስጥ ስብ ሞልቷል" የተባለው። እኔ ነርስ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ደም አይቻለሁ፤ የአባቴን ደም ያህል ሰው ያወራበት ደም ግን አላጋጠመኝም።

የሚያገለግልባት ማርያም ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ አገሩ ወደ ዓባይ መውረድ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ናት። ከቤታችን እስከ ደጇ ዳገት ነው። አባቴ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ጋቢውን ሲያወልቅ ትከሻው ላይ አጥንቱ ይቆጠራል። መሬት ከተወረሰ ወዲህ ካህን የሚበላው እንደ ማንኛውም ገበሬ አርሶ ስለሆነ፣ እሱም በሳምንቱ መካከል ሞፈር ይጨብጣል፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ታጥቦ ወደ ደብሩ ይወጣል። ቀልድ ይወዳል። ከቀልድ ይልቅ ማስረዳት ይወዳል። አንድ ነገር ከገባው ለሌላው ሰው እስኪያስረዳ ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም። ኋላ ጉድ ያደረገው ይኸው ጠባዩ ነው።

በዓይኖቹ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫው ጠጋ ብሎ፣ ሽሮ ተፈናጥቆ የደረቀ የሚመስል ቢጫ ነገር ነበረው። ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማትም ወፍሮ አብጦ ነበር። አያቴም እንደዚያው ነበር ይላሉ። አያቴ ጎልማሳ ሳለ ደረቱን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ወድቆ ቀረ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ በሬዎቹን እንደጠመደ፣ ጅራፉን እንደያዘ ነው የሞተው። አገሩ "የዚያ ቤት ወንድ አይሸብትም" ብሎ ደመደመና ተወው። የእኛ አገር ሰው ምክንያት ከመፈለግ ይልቅ እርግማን መፈለግ ይቀናዋል።

ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ ሳልናገር ማለፍ ብችል ደስ ባለኝ። አልችልም። እርዳታው ሲደርስ ስንዴ ብቻ አልነበረም፤ የዱቄት ወተትና በጣሳ የታሸገ የቅቤ ዘይትም ነበረበት። የደረሰው ደግሞ በሁዳዴ ነው። ሕዝቡ እየሞተ፣ ወተቱን በጾም እንዴት እንቀምሳለን ብሎ ተቸገረ። አባቴ ከማርያም ደጅ ቆሞ፣ "የደከመና የታመመ ሰው ጾም የለበትም። ጠጡ፣ ለልጆቻችሁም አጠጡ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን" አለ። ራሱ ግን አልቀመሰም። ከዚያ በፊት ገበሬ ማኅበሩ "ታማኝ ሽማግሌ" ብሎ ለእደላው መርጦት ስለነበር፣ ሲነጋ እየሄደ ዘይቱን በጭልፋ እየሰፈረ ለሰው ሲያድል ይውላል፤ ሲመሽ የዘይቱ ርዝራዥ እንዳይቀርበት እጁን በአመድ አሽቶ ወደ ቤት ይመጣል።

ታናሽ እህቴ አበቡ ያን ጊዜ ገና መሮጥ የጀመረች ልጅ ነበረች፤ ቀስ በቀስ መሮጧን ተወች። እናቴ የዓለምዘርፍ አንድ ቀን ማለዳ፣ አባቴ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆመችና "አንድ ጭልፋ ጨምረው ያምጡላት" አለችው። አባቴ መሬት መሬት እያየ "የሰው ድርሻ ነው" ብሏት ሄደ። የእኛን ድርሻ ያህል አመጣ፤ ያም አበቡን አላተረፋትም። እናቴ ስለዚያች ጭልፋ ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ ስታነሳ አልሰማሁም። የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ከዘይቱ ጣሳዎች ብዙዎቹ ሳይታደሉ ጠፍተዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አሻግሬ ይባላል። ጣሳዎቹ የት እንደገቡ በቅሎው ታውቅ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ስትጫን ያዩ ሰዎችም ያውቁ ነበር። ጠመንጃ ያለው እሱ ስለሆነ ማንም አልተናገረም። ሰው ግን ባይናገርም አይረሳም፤ "ዘይታችንን ማን በላው?" የሚለው ነገር በየቤቱ ታምቆ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዝናሙም ተመልሶ እህሉም ተሰብስቦ ሰው ነፍስ ሲዘራ፣ አባቴን ዳገቱ ያስቸግረው ጀመር። ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። "ደረቴን በመጫኛ የሚጠፍሩኝ ይመስለኛል" ይላል። ሲያርፍ ይለቀዋል፣ ሲወጣ ደግሞ ይይዘዋል። መካነ ሰላም ያሉት የጤና ሠራተኞች አይተውት ወደ ደሴ ላኩት። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ እሱን ደግፌ በአቀስታ በኩል በእህል መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን። መንገዱ አጥንት ይለያይ ነበር። አባቴ ከጆንያ ላይ ተቀምጦ ለተሳፋሪው ሁሉ ስለ ቅዱስ ያሬድ ሲያስረዳ ደሴ ገባን።

ያየው ሐኪም ዶክተር በላይ የሚባል ወጣት ነበር፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ፂሙን የማይላጭ፣ ሁልጊዜ የደከመው የሚመስል ሰው። የአባቴን ዓይን ቆብ ሲያይ ወንበሩን ሳበና ቀረበ። ተረከዙን ዳበሰ። አባቱና ወንድሙ እንዴት እንደሞቱ ጠየቀው። ከዚያም ደሙን ቀድቶ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከና፣ ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ዘመድ ቤት ቆየን። ስንመለስ ዶክተሩ ፊቱ ላይ የመደነቅ ነገር ነበረበት።

"አባ፣ ደምዎ ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል የስብ ዓይነት አለ። ማንም ሰው አለው፤ ያለ እሱ መኖር አይቻልም። የእርስዎ ግን ከሚገባው በላይ፣ በጣም በላይ ነው። የልብ ሥሮችዎ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ አጥብቧቸዋል። ዳገት ሲወጡ ልብዎ ደም ሲያንሰው ነው የሚያምዎ።"

አባቴ መጀመሪያ የተቀለደበት መስሎት ፈገግ አለ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ቄስ ነኝ። ቅቤ የምቀምሰው በዓመት ስንት ቀን መሰለህ? ደግሞስ የየት አገር ሰው መሰልኩህ፤ ከቦረና ነው የመጣሁት።"

"አውቃለሁ። የእርስዎ ከምግብ የመጣ አይደለም። ስቡን ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፣ ዋናው ሠሪ ጉበት ነው። ጉበት ወደ ደም ይለቀዋል፤ የተረፈውንም ከደም መልሶ ይሰበስባል። የእርስዎ ጉበት መልቀቁን ያውቅበታል፤ መሰብሰቡ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ከአባትዎ የወረሱት ነው። እህል ባይቀምሱም ይሠራዋል።"

ይህን ካለ በኋላ ዶክተሩ ተነሥቶ ወጣና ጣሳዎች ይዞ ተመለሰ። ከፈተና አሳየን፤ አሸዋ አሸዋ የሚል ዱቄት ነው። ለረሃቡ ከውጭ ከተላከው የእርዳታ መድኃኒት መካከል የተገኘ ነበር። ማን እንደላከው እንኳ አያውቅም። "እስቲ ይታይዎ አባ፤ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ የደም ስብ መቀነሻ ላኩልን። እስከ ዛሬ ማን ይጠጣዋል እያልኩ መጋዘን ውስጥ ሳየው እናደድ ነበር። ለካ ባለቤቱ እርስዎ ኖረዋል።" አባቴ ሳቁ አመለጠው፤ ደረቱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አበቡ ትዝ ብላኝ ነበር።

"ይኸ ዱቄት ምን ያደርጋል?" አለ አባቴ ሳቁን ሲጨርስ። እንዲህ ሲጠይቅ ዓይኑ ያበራ ነበር።

"ደም ውስጥ አይገባም። አንጀትዎ ውስጥ ሐሞትን ይይዝና ይዞት ይወጣል። ጉበት ደግሞ ያለ ሐሞት መኖር አይችልም፤ አዲስ መሥራት አለበት። ሐሞት የሚሠራው ከዚያው ስብ ነው። ስለዚህ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ስቡን ከደምዎ ይሰበስባል።"

"ሰነፉን በግድ ሥራ ማስያዝ ነዋ።"

"እንደሱ ነው። ከምግብ ጋር በውኃ በጥብጠው ይጠጡታል። ሆድ ያደርቃል፣ ይነፋል፤ ይታገሡት። አንድ ነገር ግን ይያዙልኝ፤ የሚሠራው እስከተጠጣ ድረስ ብቻ ነው። ሲያቆሙት ጉበትዎ ወደ ልማዱ ይመለሳል።"

"ያድነኛል?"

ዶክተሩ መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም። "ቃል አልገባልዎትም። ውጭ አገር ደማቸው እንደዚህ ስብ የበዛበትን ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ወንዶች ለዓመታት ተከታትለው ነበር። ይህን ከጠጡት መካከል በልብ የታመሙትና የሞቱት፣ ካልጠጡት ይልቅ በአምስት አንድ እጅ ያህል አንሰው ተገኙ።"

"አራቱ እጅስ?"

"አራቱን እጅ እርስዎ ያውቁበታል፤ ጸሎት ያድርጉበት።" ሁለቱም ሳቁ። በተጨማሪ ሕመሙ ሲነሣ ከምላስ ሥር የሚያደርጋት ትንንሽ ክኒን ሰጠው፤ ያቺ ስቡን አትነካም፣ ሕመሙን ብቻ ነው የምታስታግሠው። ጣሳዎቹን በሸማ ጠቅልለን ተመለስን።

አባቴን ጠባዩ የበላው እዚህ ላይ ነው። በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ዳቦ እየቆረሰ ሳለ፣ ደሴ የሰማውን አንድ ሳያስቀር ማስረዳት ጀመረ። ሐኪም ቤት እንዴት ሄደ፣ ምን ተባለ፣ ጉበት ምን ይሠራል፣ ሐሞት ምን ይሆናል። "ይታያችሁ፣ እኔን አጥንቱ የገጠጠውን ሰውዬ ደምህ ስብ በስብ ሆኗል አሉኝ" ብሎ ራሱ ሳቀ። የሚስቅለት አጣ። ሰዎቹ ዳቦአቸውን ይዘው አቀረቀሩ። ስለ ጉበት የተባለውን አንዱም ጆሮ አልሰማውም፤ የሰሙት ስብ የምትለዋን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መሄጃ አላጣም። በሚቀጥለው የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ አሻግሬ እንደ ልማዱ ስለ ምርት ዘመቻ ሲያወራ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጓዶች፣ የረሃቡ ጊዜ ዘይት የት ገባ እያላችሁ ስታሙን ኖራችሁ። ይኸው ተገኝቷል። ደሴ ድረስ ተሂዶ በምርመራ ተረጋግጧል።" ስም አልጠራም። አባቴ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሊነሣ ሲል አጠገቡ ያለው ሰው ጋቢውን ይዞ አስቀመጠው፤ ያ ሰው ለእሱ አስቦ ነው፣ ግን ዝም ማለቱ እንደ ማመን ተቆጠረበት። ሌባ ጠመንጃ ከያዘ ንጹሕ መሆን ምን ያህል ይቀለዋል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰዉ ወደ አባቴ መጥቶ "በልተሃል" አላለውም። እንዲያ ቢባል መልስ ነበረው። በዝምታ ነው የሸሹት። አባቴ ለብዙ ቤት የንስሐ አባት ነበር፤ የእነዚያን ሰዎች ኃጢአት ሁሉ በጆሮው ሰምቶ በልቡ የቀበረ ሰው ነው። መጀመሪያ የተለየችው ወይዘሮ ቦጋለች ናት። ልጇን እንዲያጠምቅላት ትጠብቀው የነበረች ሴት፣ በሰው በኩል "ሌላ አባት ይዘናል" ብላ ላከችበት። ቀጥሎ ጎረቤቷ፤ ከዚያ የወንድሟ ቤት። የማኅበር ጠላ ላይ ጸበል የሚባርክ ሌላ ቄስ ይጠሩ ጀመር። ለጾምና ለጸሎት መክሯቸው፣ በረሃብ ጊዜ ወተቱን ፈቅዶላቸው ሳለ፣ አሁን "ለእኛ የፈቀደው ለራሱ እንዲመቸው ነበር" አሉ። አንድ ቀን በወተት የዳነ ልጅ እናት ይህንኑ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እዚያው ልነቅፋት ፈልጌ አባቴ እጄን ይዞ ጎተተኝ።

ዱቄቱን ግን ይጠጣ ነበር። በምግብ ጊዜ በጣሳ በጥብጦ፣ ፊቱን ጨምድዶ ይጨልጠዋል። ሆዱ ይደርቅበታል፣ ይነፋዋል፤ አልተወም። በጥቅምት ደሴ ሄደን ደሙ እንደገና ተመረመረ። ዶክተር በላይ በጣም ደስ አለው። ስቡ ወርዶ ነበር፤ ወደ ጤነኛ ሰው ልክ ባይደርስም ከነበረው ወደ አራተኛ እጅ ያህል ቀንሷል። "ጉበትዎ ሥራ ይዟል" አለው። ከዚያ ሁዳዴን አስቦ አስጠነቀቀው። "በሁዳዴ እንዳያቋርጡ። ዱቄቱ ሥጋ የለበት፣ ወተት የለበት፤ ጾም የሚያስፈርስ ነገር አይደለም። በቀን አንዴም ቢበሉ ከዚያችው ምግብ ጋር ይጠጡት።" አባቴ "እሺ ልጄ" አለ። ከልቡ ነበር እሺ ያለው፤ እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ አውቃለሁ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ግን ሐሳቡ ተለወጠ። የቅበላ እሑድ ማታ ጣሳውን ከመደቡ ላይ አንሥቶ ከአልጋው ሥር አስገባው። ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

"ስሚኝ ልጄ። ይኸ ዱቄት የስብ ጠላት ነው። በጾም ደግሞ ስብ አይገባኝም። ጠላት በሌለበት ጦር ምን ይሠራል? ሲፈታ እቀጥላለሁ።"

"አባዬ፣ ዶክተሩ ጉበት ነው የሚሠራው አላለዎትም? ለሰው ሁሉ ሲያስረዱ የነበሩት እርስዎ አይደሉ?"

"ብሏል። እኔም አስረድቻለሁ። ማን ሰማኝ?" አለ። ከዚያ የልቡን ተናገረ። "ንግሥቴ፣ በጾም የስብ መድኃኒት ስጠጣ የሚያየኝ ሰው ምን ይላል? ለካ በጾምም ይበላል ነው የሚለው። አንድ ሰው እንኳን እየተጠራጠረኝ ያንን ጽዋ ጨብጬ እንዴት እቆማለሁ? አንዱን ሁዳዴ ያለ መድኃኒት ልጹመውና ይዩኝ።"

ይህን ስሕተት ሌላ አገር ያለ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። ሌላው ሰው መድኃኒት የሚተወው ገንዘብ አጥቶ፣ ወይ ረስቶ፣ ወይ ሰልችቶት ነው። አባቴ የተወው ሥጋውን ለምስክርነት ሊያቆመው ነው። እናቴ ይህን ስንነጋገር ምድጃው አጠገብ ነበረች። አንድም ቃል አልወጣትም። እኔ እሷም ትቆጣዋለች ብዬ ወደ እሷ አየሁ፤ እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር።

የመከረው ሰው ቢኖር ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሀጀራ ናት። አጥር ላይ ቆማ፣ "አባ መልአኩ፣ መድኃኒት ትተዋል የሚሉት ሐቅ ነው ወይ? ኸረ ወላሂ ልክ አልሠሩም። እኛም ረመዳን እንጾማለን፣ የታመመ ሰው ግን ዳዋውን፣ መድኃኒቱን ይውሰድ ተብሏል። የሰውን ወሬ አላህ ይፍረደው፤ ይጠጡ" አለችው። አባቴ ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ "አብሽሪ ሀጀራ፣ ደኅና ነኝ" አላት። ደኅና አልነበረም። በጾሙ አጋማሽ ዳገቱን ለመውጣት ከበፊቱ ይልቅ ደጋግሞ መቆም ጀምሮ ነበር።

ስቅለት ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ስግደት ነው። አባቴ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ከፊት ቆመ። ሰው መጥቶ ነበር፤ ትተውት የሄዱት የንስሐ ልጆቹም ሳይቀሩ ከኋላ ነበሩ። የሰገዱትን ያህል ሰግደው አየት ያደርጉታል። እሱም የሚያዩትን ያውቃል። ከቀትር በኋላ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ላቡ ከጥምጣሙ ሥር ይወርዳል። አንዴ እጁን ወደ ኪሱ ሲከት አየሁት፤ ከምላስ ሥር የሚያደርጋት ክኒን እዚያ ነበረች። በስቅለት ፀሐይ ሳትጠልቅ አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ባዶ እጁን አወጣና እንደገና ሰገደ። ያን ጊዜ በግንባሩ ተደፍቶ ቀረ። ሰዉ የስግደቱ ርዝመት መስሎት ጠበቀው። መጀመሪያ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ተቀበረ። እንደዚያ ያለ ቀብር በዚያች ደብር አልታየም። ቦጋለች ደረቷን እየመታች አለቀሰች። "ንጹሕ ነበር፤ ሁዳዴውን ሙሉ መድኃኒቱን ሳይነካ ነው የጾመው" ተባለ። አሻግሬ ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ተሸከመ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔ ያን ዕለት አንድን ሰው በድንጋይ ብመታ እግዚአብሔር ይቅር የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ሲጠጣ ሌባ አሉት፣ ሳይጠጣ ሲሞት ጻድቅ አሉት። ሁለቱንም ለማለት ምንም አላወጡም።

ደሴ ነርስነት የተማርኩት በዚህ ቁጣ ነው። ስማር እውነቱን ማወቄ አልቀረም፤ ስለዚህ እዚህም ልናገረው ይገባኛል። አባቴን የገደለው ያ የአንድ ጾም ወራት ዱቄት ማቋረጥ ነው ብዬ መማል አልችልም። ሥሮቹ የጠበቡት ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ ያ ሁዳዴ የጨመረባቸው ከዓመታቱ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ዱቄቱን ቢጠጣም ያን ዕለት ሊወድቅ ይችል ነበር። መድኃኒቱ የሚሰጠው ዕድል ነበር፣ ከአምስት አንድ እጅ፤ ውጤቱም በዓመታት እንጂ በሳምንታት አይለካም። ጎረቤቶቹ የነጠቁት ያቺን አንድ እጅ ነው። አሁን ሌላ መድኃኒት መጥቷል፤ ዱቄት ሳይሆን ክኒን ነው፣ በሐሞት በኩል ሳይዞር ቀጥታ ጉበት ውስጥ ገብቶ ስብ መሥራቱን ራሱን ይገታል፤ ጉበትም ሲያንሰው ከደም ይሰበስባል። ከዱቄቱ እጅግ የበረታ ነው። የአባቴ ደም በእኔም ውስጥ ስላለ በየቀኑ እውጠዋለሁ፣ በጾምም በፍስክም። ተራ ሰው ላይ የደም ስብ በአመጋገብም ይጨምራል፤ በእኛ ቤት ግን ባዶ ሆድም ይሠራዋል።

ተመርቄ ወደ አገሬ የተመለስኩት ደርጉ ሊወድቅ በተቃረበበት ጊዜ ነው። እናቴን ደጃፍ ላይ አገኘኋት። አርጅታለች። ሰላምታችንን ጨርሰን፣ ሰፌድ መካከላችን አድርገን ምስር መልቀም ጀመርን። ስለ ደሴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ደመወዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀና ሳትል፣

"አሁን አንቺ ሐኪም ነሽ" አለችኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንደ ልጅ አትመልሽልኝ፤ እንደ ሐኪም ንገሪኝ።"

"ምንድን ነው እማዬ?"

"አባትሽ ያንን ዘይት ቀምሰውት ኖሯል?"

መጀመሪያ የጠየቀችኝ አልገባኝም። ሲገባኝ መልቀሜን ተውኩ።

"ከአንድ መሶብ ነው የበላነው" አለች፤ ድምፅዋን አላነሣችም። "እኔ የቀመስኩትን ቀምሰዋል፣ ያጣሁትን አጥተዋል። አበቡ ቆዳዋና አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነው የሞተችብኝ። እሳቸው ብቻ ከየት አምጥተውት ነው ደማቸው ስብ የሆነው? አንዲት ጭልፋ አምጡላት ብያቸው የሰው ድርሻ ነው ብለውኛል። ራሳቸው እዚያው ጠጥተውት ኖሯል?"

እንደ ሐኪም ነገርኳት። ጉበት እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚለቅ፣ ምን እንደሚሰበስብ፣ ከአያቴ እንዴት እንደተወረሰ። እጄን አሳየኋት፤ የእኔም ጅማት ላይ እብጠት መጀመሩን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ጉበታቸው ነው የሠራው?"

"አዎ።"

"ምንም ሳይቀምሱ?"

"ምንም ሳይቀምሱ፣ እማዬ።"

ረጅም ጊዜ ምስሩን ስትገፋ ስትመልስ ቆየች። "በሁዳዴው ዱቄቱን ይጠጡ አላልኳቸውም" አለች በመጨረሻ። "ዝም ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም ሲበሉ ሁልጊዜ እኔን እኔን ያዩ ነበር።"

ሰፌዱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ እዚያው ቀረሁ። አባቴ ያን መድኃኒት የተወው ለአሻግሬ ብሎ፣ ለቦጋለችም ብሎ መስሎኝ እነዚያን ሰዎች ስረግም ኖሬያለሁ። "አንድ ሰው እንኳን እየተጠራጠረኝ" ሲል ግን የሚያስበው እነሱን አልነበረም። በየቀኑ ከመሶቡ ማዶ ፊት ለፊቱ የምትቀመጠውን ሚስቱን ነበር።